ሳይፋቅ አይቀባ!

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። እኛ በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ተረት የምንጠቅሰው ለሌላው ሰው ነው እንጂ ለገዛ እግራችን አይደለም። ስለ ደም ግፊት በየልቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ እናወራለን። ስለ ስኳር እናወራለን። ስለ ጨጓራማ የማያወራ የለም። ስለ እግር ፈንገስ ግን ትንፍሽ የሚል አይገኝም። እኔ የምውለው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስለሆነ፣ አፍ ያልተናገረውን ኪስ ሲናገረው በየቀኑ አያለሁ። ወገኖቻችን አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ፤ የእግር ቅባት ወደተደረደረበት ይሄዳሉ፤ አንዱን ያነሣሉ፤ ከማስቲካና ከሳሙና ሥር ደብቀው ይከፍላሉ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ሌላ ዓይነት ይገዛሉ። ዓመቱ ሳያልቅ ሦስተኛውን። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ያንን ሦስተኛ ቅባት ለመቃወም ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ጣቶች መካከል ያሳከከውን ሰው «አንድ ቅባት ገዝተህ በሥርዓቱ ጨርስ» ማለት ተገቢ ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለኝም። ለወራትና ለዓመታት የቆየ የእግር ቆዳ መላላጥ፣ ወይም የወፈረና የተሰባበረ ጥፍር ግን፣ ተፍቆ በላቦራቶሪ ሳይታይ ቅባት ሊቀባበትም ሆነ ክኒን ሊዋጥለት አይገባም። ሳይፋቅ አይቀባ! ይህን የምለው በግምት በመታከማችን ገንዘባችን ስለባከነ ብቻ አይደለም። በሽታው እንዲከርምብን ያደረገው ራሱ ግምቱ ስለሆነ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

የእግር ፈንገስ ከልጅነታችን ከምናውቀው ከጭርት ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ምግቡ ኬራቲን የሚባለው ነገር ነው፤ የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ፣ ጠጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩት ከዚሁ ነው። እግርን ከሚይዙት ፈንገሶች ዋነኛው ትራይኮፋይተን ሩብረም ይባላል። ይህ ፈንገስ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ እምብዛም አይታወቅም ነበር። የወታደሮች ጉዞ፣ ስደት፣ የጋራ መታጠቢያ ቤትና ቀኑን ሙሉ ከእግር የማይወልቅ ጫማ በዓለም ዙሪያ አዳረሱት። ሙቀት፣ ጨለማና እርጥበት ይወዳል፤ ጫማ ደግሞ ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል።

የስደታችን ምፀት እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ያብጥበታል። ዝሆኔ ከምንለው በሽታ አንዱ ዓይነት ከአፈሩ የሚመጣ ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ወገኖቻችንን እንደያዘ ይገመታል። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ስለዚህ «ጫማህን አድርግ» የሚለው ምክር እዚያ ነፍስ ያድናል። እዚህ ግን በቀን 14 ሰዓት ታክሲ የሚነዳው፣ ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ የሚያድረው፣ ምግብ ቤት ጓዳ ሳህን ሲያጥብ ካልሲው የሚረጥብበት፣ መጋዘን ውስጥ አፍንጫው ብረት የሆነ ቦቲ የሚያደርገው፣ ከአንደኛው ሥራ ወደ ሁለተኛው በዚያው ጫማ የሚሮጠው ወገናችን ለፈንገሱ ቤት ሠርቶለታል። እንግዲህ ይህ የቆሻሻ ሰው በሽታ ሳይሆን የሠራተኛ ሰው በሽታ ነው። ሊያፍር የሚገባው ሰው ካለ፣ ሁለት ሥራ ካልሠራ ኪራይ የማይከፍል ሰው አይደለም።

መልኩ ብዙ ነው

በሽታው እንዲሰወርብን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መልኩ መለዋወጡ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል የሚነጣውን፣ የሚረጥበውንና የሚያሳክከውን ብቻ ነው። ሌላው ግን አያሳክክም። ውስጥ እግርን ሁሉ ያለብሳል፤ ተረከዙ ይደርቃል፤ በመስመሮቹ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በእግሩ ጠርዝ ዙሪያም ወሰን ያበጃል። ይህን ዓይነቱን «የእግሬ ቆዳ ደረቅ ነው» እያሉ 10 ዓመት ቫዝሊን የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ውኃ እየቋጠረ ይፈነዳል። አራተኛው ወደ ጥፍር የገባው ነው፤ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ይበጫል ወይም ይነጣል፣ ከሥሩ ፍርፋሪ ይወጣዋል፣ ከሥጋው ይላቀቃል። ሁለት እግርና አንድ እጅ ብቻ የሚይዝበትም ጊዜ አለ፤ አንዱ መዳፍ ደርቆ ሲላላጥ ሌላው ደህና ከሆነ እግርን መመርመር ነው።

በዚህ ላይ የቆዳችን ቀለም አለ። መጻሕፍቱ «ይቀላል» ብለው የጻፉት በእኛ ቆዳ ላይ አይቀላም። ጠቆር ይላል፣ ግራጫ ይሆናል፣ አንዳንዴ ወይን ጠጅ ይመስላል። ፎቶግራፎቹ ደግሞ በአብዛኛው የነጭ ሰው እግር ናቸው። ስለዚህ በዓይን ብቻ መፍረድ ለማንም አስተማማኝ ካልሆነ፣ ለእኛማ ይባስ አስተማማኝ አይደለም።

ሁሉም ፈንገስ አይደለም

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት ልግባ። የተበላሸ የእግር ጥፍር ያለው ሰው ሁሉ ፈንገስ ያለበት ይመስለዋል። የቆዳ ሐኪሞች ዘወትር የሚናገሩት ግን፣ ከተበላሹት ጥፍሮች ፈንገስ ሆነው የሚገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ነው። ቅባት የሚገዙትን ሁለት ሰዎች አስቡ፤ አንደኛው የሌለበትን በሽታ እያከመ ነው ማለት ነው።

የቀረው ግማሽ ምንድን ነው? ሶራያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ጥፍርን ያወፍራል፣ በመርፌ የተወጋ ያስመስላል፣ ውስጥ እግርንም ይልጣል፤ ክርንን፣ ጉልበትንና የራስ ቆዳን ያየ ሐኪም ሊያገኘው ይችላል። የጠበበ ጫማና የቆየ ግጭት ጥፍርን ያወፍራሉ። ችፌ ውኃ እየቋጠረ ያሳክካል። የጫማ ላስቲክና ቆዳ የተለፋበት ክሮም ያላርጃሉ፤ ይህኛው የሚታየው ብዙ ጊዜ በእግር መዳፍ ላይኛው ክፍል ነው እንጂ በጣቶች መካከል አይደለም። ላብ በሚበዛበት ውስጥ እግር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች የሚያወጣውና ክፉኛ የሚሸተው ደግሞ ባክቴሪያ ነው፤ ስንቱ ወገናችን በሽታው ሳያፍር እርሱ አፍሮበት፣ የፈንገስ ቅባት ሲቀባበት ይኖራል! በጣቶች መካከል የሚቀመጥ ሌላም ባክቴሪያ አለ፤ በጨለማ ውስጥ ልዩ መብራት ሲበራበት ቀይ ሆኖ ያበራል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚከፋውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ቦብ ማርሊን የማያውቅ የለም። በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የወጣው ነገር በእግር ኳስ ምክንያት የመጣ ጉዳት ይመስል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመረመር ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1978 አገራችንን የጎበኘው በሽታውን ይዞ ነው። በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ሜላኖማ በጠቅላላው በጥቁር ሰዎች ላይ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በብዙ ጥፍሮቻችን ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች መታየታቸው የተለመደ ስለሆነ ማንም አይደንግጥ። ነገር ግን በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው የፈሰሰ መስመር ያለው ሰው ቅባት መደርደሪያ ፊት አይቁም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እኅቶቻችንም ጥፍራቸውን በቀለም ከመሸፈናቸው በፊት አንድ ጊዜ በደንብ ይመልከቱት።

ምርመራው ከባድ አይደለም

«ምርመራ» ሲባል ሆድ የሚቀደድ፣ ደም በጠርሙስ የሚቀዳ የሚመስለው አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ በደነዘ ምላጭ ከሚላላጠው ቆዳ ጠርዝ ላይ ፍቅፋቂ ይወስዳሉ፤ ከጥፍር ከሆነም ቁራጩንና ከሥሩ ያለውን ፍርፋሪ ይሰበስባሉ። አያምም። ፍቅፋቂው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈሳሹ የቆዳውን ሕዋስ ያሟሟዋል፤ የፈንገሱ ክሮች ግን ይቀራሉ። ማይክሮስኮፑ በሐኪሙ ክፍል ካለ መልሱ በዚያው ዕለት ይገኛል። የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በላቦራቶሪ ይበቅላል፤ ይህ እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። የጥፍር ቁራጭ በልዩ ቀለም ተነክሮ የሚታይበት መንገድም አለ፤ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች የፈንገሱን ዘር ለይተው በቀናት ውስጥ ይናገራሉ።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ትናንት ማታ ቅባት ተቀብቶ ዛሬ የሚፋቅ እግር ሐሰት ሊናገር ይችላል፤ ፈንገሱ እያለ «የለም» ይላል። ስለዚህ ቀጠሮ የያዘ ሰው ቅባቱን መቼ ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ። አንድ ጊዜ «የለም» ተብሎ ጥርጣሬው ካልጠፋም ድጋሚ ይፋቅ።

ይህ የእኔ የመድኃኒት ሻጭ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአባላቱ ባወጣው ምክር፣ ፈንገስ መሆኑ ሳይረጋገጥ ለጥፍር የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት እንዳይታዘዝ ተናግሯል። የሚቃወሙም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት፣ ክኒኑ ርካሽ ስለሆነ ሳይመረመሩ መዋጥ ወጪ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ስሌቱን አላጣጥልም። ግን የማንን ወጪ ነው የቆጠረው? የሌለበትን በሽታ ሲያክም፣ ጥፍሩ እስኪያድግ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ፣ በመጨረሻም «መድኃኒት አልሠራልኝም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠውን ሰው ጊዜ አልቆጠረም። ደግሞም ያው ስሌት፣ ውድ የሆነው የጥፍር ጠብታ ከመታዘዙ በፊት ግን ምርመራ ይቅደም ብሏል። ርካሹን በግምት ውጡ፣ ውዱን መርምሩ ማለት የሒሳብ ሹም ምክር ነው እንጂ የሐኪም ምክር አይመስለኝም።

ቅባቱና ክኒኑ

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ አለ። ችግሩ አወሳሰዳችን ነው። ክሎትሪማዞልና ማይኮናዞል የሚባሉት ቅባቶች በቀን ሁለት ጊዜ፣ አራት ሳምንት ይቀባሉ። ተርቢናፊን የሚባለው ቅባት በጣቶች መካከል ላለው አንድ ሳምንት፣ ለውስጥ እግር ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። እኛ ግን ማሳከኩ በአራተኛው ቀን ሲቆም ቅባቱንም አብረን እናቆማለን። ፈንገሱ ግን አልሞተም፤ አድፍጧል። አንዳንዱ ደግሞ ለእርሾ የታዘዘ ኒስታቲን ከጓደኛው ተቀብሎ ይቀባል፤ ኒስታቲን ይህን ፈንገስ አይነካውም።

ከዚህ ሁሉ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ከዐረብ አገርም ከአገር ቤትም በሻንጣ የሚመጡ፣ አንዳንዴም እዚሁ በሐኪም የሚታዘዙ፣ የፈንገስ መድኃኒትና ስቴሮይድ የተደባለቀባቸው ቅባቶች አሉ። ስቴሮይዱ ማሳከኩን በሁለት ቀን ያጠፋዋል፤ «ተአምረኛ ቅባት» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በውስጥ ግን የቆዳውን መከላከያ ያስተኛና ፈንገሱን ይቀልበዋል፤ በሽታው ይሰፋል፣ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙ እንኳ ይሳሳታል። በህንድ የእነዚህ ቅባቶች ያለ ልክ መሸጥ ምን እንዳስከተለ ዓለም አይቷል፤ ለተርቢናፊን የማይበገር አዲስ የፈንገስ ዘር ተስፋፍቶ ብዙ አገሮችን አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በሁለት ሕመምተኞች ላይ መገኘቱ ተዘግቧል። ይህ ዘር አብዝቶ የሚይዘው ገላንና ብሽሽትን ቢሆንም፣ ትምህርቱ ለእግርም ነው፤ ሳያውቁ መቀባት ፈንገሱን ያሠለጥነዋል። ኮምጣጤ፣ ነጭ ሽንኩርትና በረኪና ላይ እግራቸውን የሚዘፈዝፉትን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ በረኪና ለወለል እንጂ ለእግር አልተሠራም።

ጥፍር ውስጥ ለገባው ቅባት ብቻውን አቅም የለውም። ቀድሞ የነበረው ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ክኒን ዓመትና ከዚያ በላይ ይወሰድ ነበር። ተርቢናፊን በክኒን መልክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ለጥፍር ከተፈቀደ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል፤ 250 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሩት ስለተፈቀደ ዋጋው እጅግ ወርዷል፤ ዛሬ ሙሉው ሕክምና ስንቶቻችን ለሦስት የእግር ቅባት ከምናወጣው ሊያንስ ይችላል።

«ጉበት ይጨርሳል» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ከባድ የጉበት ጉዳት ብርቅ ነው፤ ግን አለ። መፍትሔው ክኒኑን መሸሽ ሳይሆን ከመጀመር በፊት የጉበት የደም ምርመራ ማድረግ፣ የጉበት በሽታ ያለበትም ሰው ለሐኪሙ መናገር ነው። ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ማየት ነው። የምላስ ጣዕም ሊጠፋም ይችላል። ኢትራኮናዞል የሚባለው ሌላ ክኒን የልብ ድካም ላለበት አይሆንም፤ ከአንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ጋር ይጣላል። ኬቶኮናዞል በክኒን መልክ ደግሞ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ ጨርሶ አይዋጥ፤ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2013 ከልክሎታል። ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ውስጥ ካገኛችሁት አትዋጡት። እንግዲህ ጉበትን የሚጠብቀው ፍርሃት ሳይሆን እውቀት ነው። ደግሞስ የሌለብህን በሽታ ለማከም ጉበትህን ለምን ታደክማለህ? ይህም ራሱ ለምርመራው ይመሰክራል።

ሌላው የትዕግሥት ጉዳይ ነው። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክኒኑ በ12 ሳምንት ቢያልቅም፣ አዲሱ ጥፍር አሮጌውን ገፍቶ እስኪወጣ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። በሦስተኛው ወር ጥፍሩን አይቶ «አልሠራም» የሚል ሰው፣ ዘርቶ በሳምንቱ ማጭድ እንደሚስል ገበሬ ነው። ሁሉም ሰው ይድናል ማለቴ አይደለም፤ የማይድንም አለ፣ ድኖ የሚመለስበትም ብዙ ነው። የሚመለስበት ዋና ምክንያት ግን ጥፍሩን እያከምን ውስጥ እግሩን፣ እግሩን እያከምን ጫማውን፣ ባልን እያከምን ሚስትን መተዋችን ነው። በየጣቱ መካከል ማድረቅ፣ ሁለት ጫማ ይዞ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ማድረግ፣ ካልሲን በየቀኑ መለወጥና በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ በጋራ መታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ ማድረግ፣ የጥፍር መቁረጫ አለመዋዋስ፣ በቤት ውስጥ ያለበትን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከም የሕክምናው ግማሽ ነው። ወደ ብሽሽት እንዳይሻገር ሲለብሱ ካልሲን ከውስጥ ሱሪ ማስቀደምም ነፃ ምክር ነው።

«ትንሽ ነገር ናት» ለሚሉ

«በእግር ፈንገስ የሞተ የለም» የሚል አይጠፋም። ፈንገሱ ራሱ አይገድል ይሆናል። በከፈተው በር የሚገባው ግን ይገድላል። በጣቶች መካከል የተሰነጠቀ ቆዳ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው፤ እግሩ አብጦ፣ ግሎና ቀልቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ብዙ ጊዜ መነሻው ይህች «ትንሽ ነገር» ናት። ስኳር ያለበት ሰውማ እግሩ ስለሚደነዝዝ ስንጥቁ አይሰማውም፤ ቁስሉ ሲሸት ነው የሚያውቀው፤ ያኔም ሐኪሙ የሚናገረው ስለ ቅባት ሳይሆን ስለ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ስኳር ደግሞ የስደት ጓደኛችን ሆኗል። በእስራኤል በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሲመጡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር፤ በአዲሱ ምግብና ኑሮ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በእጅጉ በዛ። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እግር በየቀኑ ይታይ፤ ራሱ ጎንበስ ማለት ካልቻለ ልጁ ትይለት።

በዐረብ አገር ያሉትን እኅቶቻችንንም አስቡ። ቀኑን ሙሉ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ በውኃና በበረኪና ውስጥ ቆመው ወለል ያጥባሉ። ሐኪም ለማየት የማዳም ፈቃድ፣ ለመውጣት የካፊል ፈቃድ ይጠየቃል። የሚደርስላቸው ጓደኛ በስልክ የነገረቻቸውና ሾፌሩ ከፋርማሲ የሚያመጣው ቅባት ነው። ለእነርሱ «ተመርመሩ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ ጥያቄው የመብት ነው። ሠራተኛን በእርጥብ ጫማ 16 ሰዓት ማቆምና ሐኪም መከልከል በደል ነው፤ በደል መሆኑን የምንናገርላቸው ደግሞ በነፃ አገር የምንኖረው እኛ ካልሆንን ማን ይሁን?

ለሐኪሙና ለማኅበሩ

ሐኪሞችም ከወቀሳ አያመልጡም። ሕመምተኛው ጫማውን ሳያወልቅ «ፈንገስ ነው» ብሎ የሚጽፍ አለ። «የውበት ጉዳይ ነው፣ ኢንሹራንስ አይከፍልም» ብሎ የሚሸኝም አለ። በቀን 14 ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሰው ጥፍሩ ጫማ ሲወጋው የውበት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ቋንቋ ባይሞላልንም አንዲት ዓረፍተ ነገር እንያዝ፦ «ከመድኃኒቱ በፊት ፍቀህ ላቦራቶሪ ላክልኝ።» ስኳር ካለብን፣ ከቆምን የሚያመን ከሆነ፣ እግራችን ከዚህ በፊት አብጦ ከነበረ ይህንኑ እናስመዝግብ፤ ለኢንሹራንሱም ክርክር ይጠቅማል።

ማኅበሮቻችንስ? በየዓመቱ የጤና ቀን ይባልና ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ደም ግፊት ይለካል፤ ጣት ተወግቶ ስኳር ይታያል፤ ጫማውን የሚያወልቅ ግን የለም። ከመካከላችን ነርሶችና ሐኪሞች ሞልተዋል። አንድ መጋረጃ ያለው ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ደህና መብራት ይበቃል። እግር ይታይ፤ የሚጠረጠረው ወደ ምርመራ ይላክ። ይህን ማድረግ የማይችል ማኅበር ስለ ወገን ጤና መግለጫ ባያወጣ ይሻላል።

ኀፍረቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። እኛ እግርን የምናከብር ሕዝብ ነን። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ሙስሊም ወገኖቻችን ለሶላት ሲቆሙ እግራቸውን በቀን ደጋግመው ይታጠባሉ፤ በየጣቱ መካከል ማድረቁ ብቻ ቢጨመርበት ከማንም የተሻለ ጥንቃቄ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የምንገባው ጫማችንን አውልቀን ነው። እግርን ማሳየት ታዲያ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? እግዚአብሔር ፊት ያወለቅነውን ጫማ ሐኪም ፊት ለማውለቅ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሦስተኛውን ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ባንኮኒው ኑና ጠይቁ። እኔና ጓደኞቼ ቅባቱን ብንሸጥላችሁ እናተርፋለን፤ ቢሆንም የምንላችሁ ይህን ነው፦ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱና ቀጠሮ ያዙ።